በዌልስ አገር የባሕር ዳር መንገድ በብስክሌት

ዌልስ የሚባለው አገር በታላቂቱ ብሪታንያ ደሴት በምዕራብ በኩል የሚገኝ፥ ተራራውም ዝናሙም የበዛ አገር ነው። የሕዝቡ ቍጥር ከ3 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን በጎቹ ግን ከሰው ሦስት እጅ ያህል ይበዛሉ። የምዕራብ ጠረፉ እንደ ታጠፈ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ካርዲገን የሚባለውን ሰፊ የባሕር ሰላጤ ዐቅፎ ይዟል። እኛም ካንድ ባልንጀራችን ጋር በፈረንጆች የግንቦት ወር፥ በዚሁ ጠረፍ ላይ አበርአይሮን ከምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ተነሥተን፥ በሰሜን በኩል ባለው ጫፍ እስካለችው እስከ አበርዳሮን መንደር ድረስ በብስክሌት ተጓዝን። ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጕልበት ያለው ጐልማሳ በሁለት ቀን ይፈጽመዋል፤ እኛ ግን 10 ቀን ፈጀን፥ በዚህም አናፍርም። እነሆ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ወደዚያ አገር በብስክሌት ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የነፋሱን ጠባይ ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከደቡብ ምዕራብ ስለ ሆነ፥ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዘውን ሰው በስተኋላው እየገፋ ያግዘዋል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚመጣውን ግን ፊት ለፊት ይታገለዋል። ሁለተኛው ነገር ዐቀበቱ ነው። የባሕር ዳር መንገድ ስለ ተባለ ሜዳ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ወንዞቹ ሁሉ ከተራራው ወደ ባሕር በጥልቅ ሸለቆ ይወርዳሉና፥ መንገዱም ወደ እያንዳንዱ ወንዝ ይወርድና ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ብስክሌቱ ለዐቀበት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለው፥ ፍሬኑም የታመነ ይሁን፤ ዕቃውም ከሁለት ከረጢት አይብዛ። የዝናም ልብስ፥ አንድ ቅያሪ፥ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ፥ ካርታም ይበቃል። ባልንጀራችን ከዚህ በላይ ጃንጥላ ይዞ ነበር፤ ነፋሱ በሁለተኛው ቀን ገለበጠው፥ ከዚያም ወዲያ ጃንጥላ መባሉ ቀረ።

ዐቀበቱ በበረታበት ስፍራ ከኮርቻው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ መሄድ ነውር የለበትም። በገጠሩ መንገድ ግራና ቀኝ በድንጋይና በዐፈር የተካበ፥ በላዩም ቍጥቋጦ የበቀለበት ከፍ ያለ አጥር አለ። በግንቦት ወር በአጥሩ ሥር ደወል የሚመስል ሰማያዊ አበባ ይፈላል፥ በላዩም እሾኻም የሆነ ቢጫ አበባ ያብባል። ይህን ሁሉ በደንብ ለማየት የሚመቸው እየገፉ ሲሄዱ ነው። በአውቶሞቢል የተቀመጠ ሰው ግን በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ከአስፋልቱና ከአጥሩ በቀር የሚያየው የለም። በብስክሌት ላይ ያለ ሰው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ባሻገር ሜዳውንና ባሕሩን ያያል፤ የሚያገኘውንም መንገደኛ እጅ ነሥቶ ለማለፍ ጊዜ አለው።

መታጠፊያ ባለበት ስፍራ ሁሉ በአስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል የተጻፈ ቃል አለ። ቃሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንዱ እንግሊዝኛ ሲሆን ሁለተኛው በዌልስ ቋንቋ «አራቭ» የሚል ነው፥ ትርጓሜውም «በዝግታ» ማለት ነው። ትእዛዙ የወጣው ለአውቶሞቢሎች ቢሆንም እኛ ለራሳችን እንደ ተጻፈ አድርገን ተቀበልነው። በመስከረም 2023 የዌልስ መንግሥት ቤት በበዛበት መንገድ ሁሉ የፍጥነቱን ወሰን ከ30 ማይል ወደ 20 ማይል ዝቅ ስላደረገው፥ ከ400 ሺህ የሚበልጥ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ቀርቦበታል፤ በኋላም አንዳንዱ መንገድ ወደ ቀድሞው ወሰን እንዲመለስ ተፈቅዷል። ብስክሌት የያዘ ሰው ግን በዚህ ሕግ ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ የለውም።

የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስለ ሆንን ይህ ቃል በመንግሥት መንገድ ላይ ተጽፎ ማየታችን ሌላ ነገር አሳሰበን። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፥ በ1536 የወጣው ሕግ የዌልስ ፍርድ ቤቶች ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆንና እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ሹመት እንዳይዝ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ የዌልስ ገበሬ በገዛ አገሩ ችሎት ፊት ሲቆም የተከሰሰበትን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ያነቡበት ነበር፤ መልሱም በመዝገብ የሚገባው በአስተርጓሚ አፍ እንጂ በራሱ ቃል አልነበረም። ቃል ከአፍ ወደ ብዕር ሲገባ ምን ያህል እንደሚጐድል መዝገብ የጻፈ ሰው ያውቀዋል፤ በመካከሉ ሌላ ቋንቋ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት። በ1942 ጥቂት ፈቃድ ተሰጠ። በ1967 በዌልስ ችሎት በቋንቋው መናገር ለሚወድ ሁሉ መብቱ ተፈቀደለት፤ በ1993 በመንግሥት ሥራና በፍርድ ቤት ከእንግሊዝኛ ጋር እኩል እንዲታይ ሆነ፤ በ2011 የአገሩ መደበኛ የሥራ ቋንቋ መሆኑ በሕግ ጸና። የመንገዱም ጽሕፈት እንዲሁ በነጻ የተገኘ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ብዙ ወጣቶች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈውን የመንገድ ምልክት አረንጓዴ ቀለም እየቀቡና እየነቀሉ ታሥረውበታል። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቋንቋውን የሚናገሩት 538 ሺህ ያህል ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከመቶ 18 እጅ ያህል ነው፥ ከ10 ዓመት በፊት ከነበረውም አንሷል። በሄድንበት ጠረፍ ግን በሱቅም በወፍጮ ቤትም በልጆችም ጨዋታ የሰማነው ይኸው ቋንቋ ነው።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ በእኛ ፊደል ልንጽፈው የማንችለው አንድ ድምፅ አለ። ምላስን ከላይኛው ጥርስ ሥር አስጠግቶ ትንፋሹን በጐንና በጐን ማውጣት ነው። ሀሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይደርስለትም፤ ስለዚህ በግድ «ለ» እያልን እንጽፈዋለን። ይህ ድምፅ የሚበዛው በመንደሮቹ ስም መጀመሪያ ነው። ብዙዎቹ ስማቸው «ላን» ብሎ ይጀምራል፥ እርሱም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ የተከለለ ምድር፥ እኛ ቅጽር የምንለው ማለት ነው፤ ቀጥሎ የጻድቁ ስም ይጨመርበታል። ካርታውን ዘርግቶ መንገድ የሚፈልግ ሰው ስንክሳር የሚያነብ ይመስላል።

ከአበርአይሮን ወደ አበሪስትዊዝ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፥ ላንሪስቲድ ከምትባለው መንደር አጠገብ፥ ከፈረሰ ቤት የተረፈ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል። ቀይ ተቀብቶ በነጭ ቀለም «ትረዌሪንን አስቡ» የሚል ቃል በዌልስ ቋንቋ ተጽፎበታል። አውቶሞቢሎቹ በፍጥነት ያልፉታል፤ እኛ ግን ብስክሌቶቻችንን በሣሩ ላይ አጋድመን ብዙ ጊዜ ቆምንበት።

ትረዌሪን ከዚያ ራቅ ብሎ በሰሜን፥ ባላ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚገኝ ሸለቆ ነው። በውስጡ ካፐል ኬሊን የምትባል፥ ትምህርት ቤት፥ ፖስታ ቤትና ጸሎት ቤት ያላት፥ ሰዎቿም በዌልስ ቋንቋ ብቻ የሚነጋገሩ መንደር ነበረች። የእንግሊዝ ከተማ የሆነችው የሊቨርፑል ማዘጋጃ ቤት ውሃ ፈለገና ሸለቆውን ለመገደብ ዐሰበ። የዌልስን ሹማምንት ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ነገሩን በቀጥታ ወደ ፓርላማ አቀረበ፤ ፓርላማውም በ1957 ሕጉን አወጣ። ከ36ቱ የዌልስ እንደራሴዎች አንድ ስንኳ ድምፁን የሰጠለት አልነበረም፤ ነገር ግን በቍጥር አነሱ። በ1965 ግድቡ ሞላ፥ መንደሪቱም ከእርሻዎቿ ጋር ከውሃው በታች ሆነች። ከመቃብሩ አንዳንዱ አስከሬን ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፥ የቀረው በኮንክሪት ተሸፈነ። የሊቨርፑል ማዘጋጃ ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው።

በዚያ ግድግዳ ፊት ቆመን ከባልንጀራችን ጋር ተከራከርን። እርሱ «ከተማ ውሃ ካጣ ሰው ይሞታል፤ 48 ሰው ቤቱን ቢለቅ ካሳ ተከፍሎት ነው» አለ። እኛም «ሕጉ ሥርዓቱን ጠብቆ የወጣ ነው፥ የጐደለው ማኅተም የለም፤ የጐደለው የባለ አገሩ ቃል ነው» አልነው። ክርክሩ እስከ አበሪስትዊዝ ድረስ ከእኛ ጋር ዘለቀ። ቃሉን በ1960ዎቹ በግድግዳው ላይ የጻፈው ሜይክ ስቲቨንስ የተባለ፥ ኋላ የታወቀ ደራሲ የሆነ ወጣት ነው። የሚያስደንቀው ነገር፥ በዌልስ ሰዋስው ሕግ የስሙ መጀመሪያ ፊደል መለወጥ ሲገባው ሳይለውጠው ጽፎት ነበር፤ በኋላ ሌሎች አርመውለታል። በ2019 ክፉ ሰዎች ግድግዳውን በከፊል አፍርሰውት ነበር። የአገሩ ሰዎች ወዲያው መልሰው ካቡት፥ ያው ቃል በዚያው ዓመት በዌልስ በብዙ ስፍራ በየግድግዳው ተጽፎ ታየ።

በአበሪስትዊዝ በኮረብታው ላይ በ1907 የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ስለዚህ ቤት ሌላ ጊዜ ለብቻው መጻፍ ይገባል። ለአሁኑ ግን ሁለት ነገር ብቻ እንጥቀስ። ኤጲስ ቆጶስ ዊልያም ሞርጋን መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በዌልስ ቋንቋ ተርጕመው በ1588 ባያሳትሙት ኖሮ ቋንቋው እስከ ዛሬ ባልቈየም ነበር እየተባለ በዚያ አገር ይነገራል፤ እኛም ነገሩን እናምነዋለን። ሁለተኛው፥ በ1250 ገደማ በብራና የተጻፈው የካርማርዘን ጥቁር መጽሐፍ በዚያ ተጠብቆ ይኖራል። በእርሱም ውስጥ በባሕር ስለ ሰመጠ አንድ አገር የሚናገር ቅኔ አለ።

ያ የሰመጠ አገር አለበት የሚባለው ቦታ ከአበሪስትዊዝ በስተሰሜን ቦርዝ በምትባል መንደር ፊት ለፊት ነው። ባሕሩ ወደ ኋላው በሸሸ ጊዜ በአሸዋው ላይ በብዙ መቶ የሚቈጠር የዛፍ ጕቶ ብቅ ይላል፤ ዋርካ የሚያህል ግንድ የነበረው እንዳለ ከሥሩ ያስታውቃል። ሊቃውንቱ መርምረው ዕድሜው ከ4 ሺህ 500 ዓመት በላይ እንደ ሆነ ተናግረዋል። በየካቲት 2014 የተነሣው ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ብዙውን ገልጦት ነበር። የአገሩ ሰዎች ሲተርኩ በዚህ ስፍራ በግድብ የተጠበቀ 16 ከተማ ያለው አገር ነበረ፤ የግድቡን መዝጊያ የሚጠብቀው ሹም ሰይተኒን አንድ ሌሊት ሰክሮ መዝጊያውን ሳይዘጋ ስለ ተኛ ባሕሩ ገብቶ አገሩን አጠፋው ይላሉ። በጥንቱ ቅኔ ግን ጥፋቱ በይበልጥ የሚነገረው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ሹሙም ሆነ ሴቲቱ፥ ጕቶዎቹ እውነተኞች ናቸው፤ ብስክሌታችንን በመንገዱ ዳር አቁመን በእጃችን ዳሰስናቸው፥ እንጨቱ ረጥቦ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል።

ማኸንሌዝን በአንድ ቀን ዐለፍናት፤ ኦዋይን ግሊንዱር በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ተነሥቶ በ1404 ሸንጎውን የሰበሰበባት ከተማ ናት። ከዚያ በደቪ ወንዝ አፍ ዳር ወርደን ታወን ደረስን። በታወን ቅዱስ ካድቫን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ የቆመ ድንጋይ አለ። በአራቱ ገጹ የተቀረጸው ጽሕፈት በዌልስ ቋንቋ ከተጻፈው ሁሉ ጥንታዊው እንደ ሆነ ይነገርለታል፥ የተጻፈውም በሙታን መታሰቢያ ነው። ብዙ መዝገብ ያየ ዐይን እንዲህ ባለው ጽሕፈት ፊት ዝም ብሎ ይቆማል።

ከታወን ወደ ሰሜን መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ ይሄድና ወደ ፌርቦርን ይወርዳል። ፌርቦርን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በረግረግ ላይ የተሠራች መንደር ናት፤ ባሕሩን የሚከለክላት በጠጠርና በኮንክሪት የተሠራ ግድብ ነው። የባሕሩ ከፍታ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚጨምር፥ በ2013 የጸደቀው የባሕር ዳር ዕቅድ ግድቡን ለዘለዓለም መጠበቅ እንደማይቻልና እስከ 2054 ገደማ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ መዛወር እንደሚገባቸው አመለከተ። አንዲት ባልቴት በደጃፋቸው አበባ ሲያጠጡ አግኝተን ውሃ ለመንናቸው። ውሃ ስንል ሻይና ባራ ብሪት የሚባለውን ዘቢብ ያለበትን ዳቦ ይዘው ወጡ። «እሜቴ፥ ባሕሩ ይመጣል እየተባለ ስለምን አይወጡም?» ብለን ጠየቅናቸው። «የት ልሂድ፥ ልጆቼ? ቤቴን ልሽጥ ብል ባንክ ለገዢው ገንዘብ አያበድርም። ባሕሩ ገና አልመጣም፤ ወረቀቱ ግን አስቀድሞ መጥቷል» አሉን። ባልንጀራችን በግድግዳው ፊት ሲከራከር የነበረው ሁሉ ጠፍቶበት ዳቦውን ይዞ ዝም አለ።

ከፌርቦርን ጥቂት ዐልፎ የማውዳኽ ወንዝ ከባሕር ይገናኛል። ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ከዚህ ጉዞ አንድ ቀን ብቻ መምረጥ ቢኖርበት ይህን እንዲመርጥ እንመክራለን። በወንዙ ደቡብ ዳር ቀድሞ ምድር ባቡር ይሄድበት ነበር። በ1965 መሥመሩ ተዘጋ፥ ሐዲዱም ተነቀለ፤ ኋላ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ተደልድሎ እስከ ዶልጌላይ ድረስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ባቡር ዐቀበት ስለማይወድ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው። በግራ በኩል ወንዙ፥ በቀኝ በኩል ጫካውና 893 ሜትር ከፍታ ያለው የካደር ኢድሪስ ተራራ ነው። ሕፃናት በብስክሌት በሚሳብ ትንሽ ጋሪ ተቀምጠው፥ ሽማግሌዎች በኤሌክትሪክ ኀይል በሚታገዝ ብስክሌት፥ እግራቸው የማይሠራላቸውም በእጅ በሚነዳ ባለ ሦስት እግር ሲሄዱበት አየን። ወደ ዶልጌላይ ሄደን በዚያው ቀን ተመለስን፤ ከ10ሩ ቀን ካቴናችን ያልጮኸበት ቀን ይህ ብቻ ነው።

በወንዙ አፍ ላይ በ1867 የተከፈተ ግማሽ ማይል ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ድልድይ አለ። ባቡሩ ዛሬም ያልፍበታል፥ በጐኑም እግረኛና ብስክሌት የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ተሠርቶለታል። በ1980 እንጨት የሚበላ የባሕር ትል ምሰሶዎቹን እንደ ቦረቦረ ስለ ታወቀ ድልድዩ ለባቡር ተዘግቶ ታድሷል፤ በቅርቡም ከ2020 እስከ 2023 ብዙው እንጨት ተለውጧል። በማዶ ያለችው ባርመዝ ናት። እዚያ ከከተማይቱ በላይ ያለው ዲናስ ኦላይ የሚባል ገደል በ1895 ፋኒ ታልቦት የተባሉ እመቤት ለሕዝብ ጥቅም ለአገር ቅርስ ማኅበር የሰጡት፥ ማኅበሩም ከተመሠረተ በኋላ መጀመሪያ ያገኘው መሬት ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይገለበጣል። በደቡብ ባሕሩ ምድሩን ሲወስድ አየን፤ በሃርሌኽ ግን ባሕሩ ምድሩን ሰጥቷል። ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ከ1283 ጀምሮ ያሠራው ግንብ በዐለት ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ ዘመን መርከብ ከግርጌው ድረስ እየመጣ ስንቅ ያራግፍ ነበር። ዛሬ ባሕሩ ከአሸዋው ባሻገር ርቆ ይታያል፥ በመካከሉም ቤትና ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ከግንቡ አጠገብ የሚወርደው መንገድ በ2019 ከዓለም መንገዶች ሁሉ ዳገታሙ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ግን የኒው ዚላንድ ከተማ ሰዎች መለካት ያለበት ከመንገዱ መካከል ነው ብለው ተከራክረው ረቱ። ስለ ድንበር የሚደረግ ክርክር ሁሉ መጨረሻው ገመዱ ከየት ይጀመር ማለት ነው። በፖርዝማዶግ ደግሞ ዊልያም ማዶክስ የተባለ ሰው በ1811 ያስፈጸመው አንድ ማይል ርዝመት ያለው ግድብ ባሕሩን ከልክሎ ሰፊ ሜዳ አስገኝቷል፤ በማግሥቱ ዓመት ማዕበል ሰብሮት በብዙ ድካም ተጠገነ። ብስክሌት በግድቡ ጥግ ያልፋል፤ በአንድ ወገን ባሕር፥ በሌላው ወገን ላም ይግጣል።

ከፖርዝማዶግ ወዲያ ሊን የሚባለው ባሕረ ገብ ምድር ወደ ምዕራብ ስለሚዘረጋ፥ እስከዚያ ድረስ ሲገፋን የነበረው ነፋስ ፊት ለፊት መጣብን። 45 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ቀን ሄድን። ይህ መንገድ ከጥንት ጀምሮ የተሳላሚዎች መንገድ ነው። ከአበርዳሮን ባሻገር፥ ከባሕረ ገብ ምድሩ ጫፍ በ3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ባርድሲ የምትባል ደሴት አለች፤ በታወን ቤተ ክርስቲያኑን ያየንለት ቅዱስ ካድቫን በ6ኛው መቶ ዓመት ገዳም መሠረተባት ይባላል። በደሴቲቱ ላይ 20 ሺህ ቅዱሳን ተቀብረዋል፥ ሦስት ጊዜ እርሷን መሳለምም አንድ ጊዜ ሮማን እንደ መሳለም ይቈጠር ነበር ይላሉ። በአበርዳሮን ቤተ ክርስቲያኑ ከባሕሩ ዳር ተጠግቶ ተሠርቷል፤ መቃብሮቹን ከማዕበል የሚጠብቃቸው የድንጋይ ካብ ነው። ታላቁ ባለቅኔ አር ኤስ ቶማስ ከ1967 እስከ 1978 በዚህ ደብር ቄስ ነበሩ። ቀድሞ ተሳላሚ ጀልባ እስኪያገኝ ድረስ ይመገብበት የነበረው ቤት ዛሬም ቆሞ ምግብ ይሸጥበታል፤ ሾርባውም መልካም ነው።

ብስክሌቶቻችንን በባሕሩ ዳር ትተን በትንሽ ጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻገርን። ደሴቲቱ በ2023 በአውሮፓ የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ተብላ ተሰይማለች፤ ይኸውም የመብራት ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነባት ከዋክብት እንደ ቀድሞው ሆነው የሚታዩባት ስፍራ ማለት ነው። የጀልባው አለቃ ባሕሩ እንዳይበረታብን ብሎ ከሰዓት በኋላ ስለ መለሰን ከዋክብቱን ከአበርዳሮን ሆነን አየን።

ለመመለስ ከአበርዳሮን እስከ ፑልሄሊ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በነፋስ እየተገፉ መሄድ ነው። ከፑልሄሊ የሚነሣው ባቡር በዚያው ጠረፍ ላይ ወርዶ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ማኸንሌዝ ያደርሳል። ባቡሩ የሚቀበለው ጥቂት ብስክሌት ብቻ ስለ ሆነ አስቀድሞ ስፍራ መያዝ ይገባል፤ ከባሕሩ በኩል ባለው መስኮት መቀመጥም አይዘንጋ።